ገዢዎች የመለሱት ሸክላ፦ የካማሮን ዴ ላ ኢስላ የ1979 አልበም በ7,000 ብር

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚያወርደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት ጠባብ የሸክላ መሸጫ ሱቅ፣ ካማሮን ዴ ላ ኢስላ የተባለው ስፔናዊ የፍላሜንኮ (የደቡብ ስፔን ባህላዊ የዘፈንና የጊታር ሙዚቃ) ዘፋኝ በ1979 ያወጣውን «ላ ሌየንዳ ዴል ቲየምፖ» የተሰኘ አልበም በድጋሚ ኅትመት አግኝቼ በ7,000 ብር ገዛሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገንዘቡ ለአንድ ሸክላ ቀላል አይደለም፤ ማንም ሰው ዘፈኑን በስልኩ ፈልጎ ሊያዳምጠው በሚችልበት በዚህ ዘመን «ምን አስቸኮለህ?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። የእኔ መልስ ሸክላው ዋጋውን ያወጣል የሚል ነው፤ ሆኖም ይህን የምለው ካማሮን ከዚህ አልበም በፊት ምን ዓይነት ዘፋኝ እንደነበረ ለሚያውቅ ወይም ለማወቅ ፈቃደኛ ለሆነ አድማጭ ነው። አልበሙ በወጣበት ጊዜ የዘፋኙ የገዛ አድናቂዎች ከገዙት በኋላ «ይህ ካማሮን አይደለም» እያሉ ወደ ሱቅ ይመልሱት እንደነበር በሰፊው ይነገራል። የሰውየውን ታሪክ ሳያውቅ የሚገዛው የአዲስ አበባ ሰው ግን በተቃራኒው ምክንያት ሊመልሰው ይችላል፤ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደተለወጠ ስለማይታየው፣ ጊታርና ከበሮ ያለበት ተራ የውጭ ዘፈን መስሎ ይሰማዋልና።

በመጀመሪያ ዓይን ላይ የሚያርፈው ሽፋኑ ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው፤ ጺሙን ያሳደገ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ይታይበታል። የቀደሙት ሸክላዎች ሽፋን የዘፋኙን ሙሉ የመድረክ ስም ከጊታር ተጫዋቹ ከፓኮ ዴ ሉሲያ ስም ጋር አጣምሮ፣ «ከፓኮ ዴ ሉሲያ ልዩ ትብብር ጋር» የሚል ሐረግ ጨምሮ ይቀርብ ነበር። በዚህኛው ላይ ያለው «ካማሮን» የሚል አንድ ስም ብቻ ነው። ፍላሜንኮን የሚከታተል ስፔናዊ ሱቅ ገብቶ ይህን ሽፋን ሲያነሣ፣ መርፌው ሸክላው ላይ ከማረፉ በፊት አንድ ነገር እንደተለወጠ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የዘፋኙ የልደት ስም ሆሴ ሞንሄ ክሩዝ ነው። በታኅሣሥ 5 ቀን 1950 በደቡብ ስፔን፣ በካዲዝ አውራጃ፣ በሳን ፈርናንዶ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በስፔን ሂታኖ ከሚባሉት፣ ማለትም ከሮማ ማኅበረሰብ የመጣ ሲሆን፣ ከስምንት ልጆች ሰባተኛው እርሱ ነበር። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ቅርጫት ሠሪ ነበሩ፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ ይዘፍኑ ነበር፤ ይልቁንም የእናቲቱ ድምፅ የተመሰገነ ነበር። ቆዳው ነጣ፣ ጠጕሩ ወርቃማ ስለነበር ነው አጎቱ በባሕር ሽሪምፕ ስም «ካማሮን» ብሎ የጠራው፤ «ዴ ላ ኢስላ» የሚለው ደግሞ ሳን ፈርናንዶ በአካባቢው ሰው ዘንድ «ደሴቲቱ» እየተባለች ስለምትጠራ የተጨመረ ነው። አባቱ በአስም ታምሞ የሞተው ካማሮን ገና ልጅ ሳለ ነበር። ቀጥቃጩና አዝማሪው ከአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ይደረግ በነበረበት አገር ለተወለድን ለእኛ፣ የእጅ ሙያተኛነትና ዘፋኝነት በአንድ የተናቀ ቤት ውስጥ አብረው ሲገኙ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያም እንደዚሁ ነው፤ ሰዎች በሠርጋቸውና በመሸታ ቤታቸው የሚፈልጉትን ዘፋኝ ቀን ቀን ጎረቤታቸው ሊያደርጉት አይወዱም ነበር።

ልጁ ለቤተሰቡ ገንዘብ ለማምጣት ከጓደኛው ከራንካፒኖ ጋር በሳን ፈርናንዶ ባለው ቬንታ ዴ ባርጋስ በተባለው ምግብ ቤት እየዘፈነ አደገ። በ16 ዓመቱ በማይሬና ዴል አልኮር በተካሄደ የፍላሜንኮ ውድድር አንደኛ ሽልማት አገኘ። ከዚያ ማድሪድ ገብቶ ከ1968 ጀምሮ ቶሬስ ቤርሜሃስ በተባለው የፍላሜንኮ ቤት ቋሚ ዘፋኝ ሆኖ ለ12 ዓመታት ያህል ሠራ። ማድሪድ ላይ የተገናኘው ከአልኼሲራስ ከተማ የመጣው የ1947 ልጅ ፓኮ ዴ ሉሲያ፣ በኋላ ፍላሜንኮ ጊታርን በዓለም መድረክ ያስከበረው ሰው ነው። ሁለቱ ወጣቶች ከ1969 እስከ 1977 በየዓመቱ አንድ፣ በድምሩ ዘጠኝ አልበሞች አብረው ሠሩ። አሳታሚነቱንና የብዙውን ግጥም ሥራ የያዙት የፓኮ አባት አንቶኒዮ ሳንቼስ ነበሩ፤ ቁጥጥራቸው ጥብቅ ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የገዛሁትን ሸክላ ዋጋ የሚወስኑት እነዚያ ዘጠኝ አልበሞች ናቸውና። በእነርሱ ውስጥ ያለው አንድ ድምፅ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊታር፣ የእጅ ጭብጨባና በየመሃሉ የሚወረወር የአድናቆት ጩኸት ነው። ከዚህ ውጭ ምንም የለም። ፍላሜንኮ በቅርንጫፎች የተከፈለ ሙዚቃ ነው፤ ሶሌያ፣ ሲጊሪያ፣ ቡሌሪያ፣ አሌግሪያ፣ ታንጎ፣ ፋንዳንጎ የሚባሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምት፣ የራሳቸው የዜማ መንገድና የራሳቸው ስሜት አላቸው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ይህን አከፋፈል ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የእኛ ቅኝት በዋናነት የድምፆቹን ምርጫ ሲወስን የእነርሱ ቅርንጫፍ ምቱንም አብሮ መወሰኑ ነው። ሶሌያና ቡሌሪያ ለምሳሌ በ12 ምት የሚዞሩ ሲሆን፣ ጫናው በአብዛኛው በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው ላይ ያርፋል። የእኛ ችክችካ በስድስት ስለሚቆጠር ያገራችን አድማጭ ቡሌሪያን ሲሰማ እግሩ ቶሎ ይነሣል፤ ወዲያው ግን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጫናው ሲቀያየር ይደናገራል። ይህ መደናገር ለእኔ ከፍላሜንኮ ደስታዎች አንዱ ነው።

ድምፁን በተመለከተ፣ የካማሮን ድምፅ ጥርት ያለ አይደለም። ዝቅ ብሎ ሲጀምር ለስላሳ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሻክራል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሊበጠስ ምንም ያልቀረው ይመስልና በአንዲት የመጨረሻ ፊደል ላይ አምስት ስድስት ድምፅ አንከባሎ ይወርዳል። የሚገርመው ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከምቱ አለመውጣቱ ነው፤ የዘገየ መስሎ፣ ጭብጨባው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። እንጉርጉሮን የለመደ ሰው ሐዘኑን ይጋራዋል፤ በሐዘን ውስጥ ይህን ያህል የምት ጥንቃቄ ግን በእኛ እንጉርጉሮ ብዙም አናገኝም። ደግሞም በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም እንደሚሰጥ፣ የፍላሜንኮ ተሰብሳቢም ዝም ብሎ አይሰማም፤ መስመሩ በአማረ ቁጥር በ«ኦሌ» ያቀብላል፣ ዘፋኙም ከዚያ ጉልበት ይወስዳል። በቀደሙት ሸክላዎች ውስጥ ይህ መቀባበል በግልጽ ይሰማል። ሳይጠቀስ የማይታለፈው የ1972ቱ «ካናስቴራ» ነው፤ ርእሱ ቅርጫት ሠሪ ሴት ማለት ሲሆን፣ ካማሮንና ፓኮ በዚያ ዘፈን የራሳቸውን አዲስ ቅርንጫፍ እስከመፍጠር ደርሰዋል። ሰውየው ባህሉን ከውስጥ ሆኖ መለወጥ የጀመረው በ1979 አይደለም ማለት ነው።

በ1979 የተለወጠው አብሮ የሚሠራው ሰው ነው። ፓኮ ዴ ሉሲያ የራሱ የዓለም ጉዞ በዝቶበት ነበር፤ አባቱም ከሥራው ወጡ። በቦታቸው ሪካርዶ ፓቾን የተባለ የሴቪል ሰው አሳታሚ ሆኖ መጣ፤ ከእርሱም ጋር ኪኮ ቬኔኖና ራይሙንዶ አማዶርን የመሳሰሉ ሮክ የሚሰሙ፣ ጠጕራቸውን ያስረዘሙ ወጣቶች መጡ። ልምምዱ የተደረገው ከሴቪል አቅራቢያ ባለችው ኡምብሬቴ በተባለች መንደር፣ በፓቾን ቤት ነው። ጊታሩን የያዘው ከአልሜሪያ የመጣው ቶማቲቶ ያኔ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካማሮን እስኪሞት ድረስ አልተለየውም። ባስ ጊታር፣ ድራም፣ ኪቦርድ፣ የሆርሄ ፓርዶ ዋሽንት፣ አልፎ ተርፎም የጓልቤርቶ ሲታር የተባለው የሕንድ ባለ ክር መሣሪያ ገባ። ግጥሙ ደግሞ በአብዛኛው በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ከተገደለው ከገጣሚው ከፌደሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ተወሰደ። ያን ጦርነት አሸንፎ ስፔንን በአምባገነንነት የገዛው ፍራንኮ ከሞተ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ የሎርካን ስም በአደባባይ ይዞ መውጣት ራሱ የዘመኑን መለወጥ የሚናገር ነገር ነበር።

ወደ ሸክላው ስንመለስ፣ በሁለቱ ገጾች አምስት አምስት፣ በድምሩ አሥር ዘፈኖች አሉ። የመጀመሪያው ገጽ በርእስ ዘፈኑ ይከፈታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ዘፈን እንደሚወራለት አላገኘሁትም። ሩጫው ደስ ይላል፣ ድምፁም እሳት ነው፤ ኪቦርዱ ግን የዘመኑን አቧራ ለብሷል፣ ድራሙም ምቱን ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ያህል አብዝቶ ይደበድባል። ሁለተኛው «ሮማንሴ ዴል አማርጎ» ሲጀምር ነው ሸክላው ሚዛኑን የሚያገኘው። ግጥሙ ሰኔ 25 ቀን ሞቱ የተነገረውን፣ ነሐሴ 25 ቀን የሞተውን አማርጎ የተባለውን ሰው የሚተርክ የሎርካ ሥራ ነው። ቶማቲቶ ጥቂት ድምፅ ጣል አድርጎ ዝም ይላል፤ ካማሮንም የሟቹን ጉዳይ ሳይጮህ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሟችን ታሪክ እንደምትዘረዝር አልቃሽ፣ አንድ በአንድ ያወርደዋል። እዚህ ዘፈን ውስጥ ያለው ሰው የዘጠኙ አልበሞች ካማሮን ነው፤ ገዢዎቹ እስከ ሁለተኛው ዘፈን ድረስ ታግሠው ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሸክላውን ይመልስ እንደነበር እጠይቃለሁ። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ የቡሌሪያና የካንቲኛ (ይህም ሌላ የፍላሜንኮ ቅርንጫፍ ነው) ዘፈኖች ጥሩ ናቸው፤ «ላ ታራራ» በሚባለው በጥንቱ የሕዝብ ዜማ ገጹ ይዘጋል።

ሁለተኛው ገጽ የሚከፈተው «ቦላንዶ ቦይ» በተባለው የኪኮ ቬኔኖ ሩምባ ነው። ለጭፈራ የተሠራ ቀላል ዘፈን ነው፤ በኋላ ዘመን በስፔን ይህን የማያውቅ ሰው አልቀረም። «ባኢያ ዴ ካዲስ» የዘፋኙን አገር ምት አሌግሪያን የያዘ በመሆኑ ለጥንቱ አድማጭ የተተወ ቦታ ይመስላል። «ቪየሆ ሙንዶ» ከፋርሱ ገጣሚ ከኦማር ኻያም የተወሰደ ግጥም አለው። አራተኛው የታንጎ ዘፈን ሳያስቸግር ያልፋል። አልበሙን ለመግዛት ምክንያት የሚሆነኝ ግን የመጨረሻው፣ «ናና ዴል ካባዮ ግራንዴ» የተባለው ነው። ሎርካ በአንድ ተውኔቱ ውስጥ ያስገባው የሕፃን ማባበያ ነው፤ ውኃ አልጠጣም ስላለ ትልቅ ፈረስ ይናገራል። ሲታሩ አንዲት ድምፅ ይዞ ያለማቋረጥ ያስተጋባል፤ ካማሮን ከላዩ ላይ ድምፁን አሳንሶ፣ ሕፃኑ እንዳይባንን የሚጠነቀቅ ይመስል፣ መስመሩን ጨርሶ ትንፋሽ ይወስዳል። በእኛ እሹሩሩ ውስጥ እናት ልጇን እያባበለች የራሷን ብሶት እንደምትናገረው፣ እዚህም ከፈረሱ በስተጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ ቃሉን ያልሰማ ሰው እንኳ ያውቃል። ጭብጨባ የለም፣ «ኦሌ» የለም፣ ከቅርንጫፎቹ ምት አንዱም ጎልቶ አይሰማም፤ ያም ሆኖ ከፍላሜንኮ ውጭ ነው ለማለት የሚያስደፍር አይደለም።

በሸክላ መስማቱ ትርፍ ያለው በተለይ እዚህ ላይ ነው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞር ሸክላ ላይ መርፌው ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር በአንድ ዙር የሚያልፈው መስመር ያጥራል፤ ስለዚህ በገጹ መጨረሻ ላይ ያሉ ዘፈኖች ጩኸት ካላቸው ድምፁ ይሸበራል፣ ቀጫጭኑ ድምፅም ይደበዝዛል። የዚህ አልበም መጨረሻ ጸጥ ያለ ማባበያ በመሆኑ ከዚህ ችግር በብዛት ተርፏል። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ያለው «ላ ታራራ» ግን በእኔ ቅጂ ላይ ጭብጨባው ሲበረታ ጫፍ ጫፉ ይሻክራል። ከስልክ ጋር ሳነጻጽረው ባስ ጊታሩ በሸክላው የተሻለ ክብደት አለው፤ የቶማቲቶ ጥፍር ክሩን ሲመታ የሚሰማው ደረቅ ድምፅም ተለይቶ ይወጣል። ሸክላው ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ ሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ፍንጣሪ ድምፅ ነበረው፣ በደረቅ ብሩሽ ሲጠረግ አብዛኛው ጠፍቷል።

ቅሬታዬ በኅትመቱ አቀራረብ ላይ ነው። ውስጡ ከአንድ ነጭ የወረቀት ከረጢት በስተቀር ምንም የለም። ግጥም የለም፣ ማን ምን እንደተጫወተ የሚገልጽ ሉህ የለም፣ የሎርካና የኻያም ስም በጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አልፏል። ስፔንኛ ለማይሰማ ገዢ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ይህን ዋጋ ከፍሎ የዘፈኖቹን ቃል ከኢንተርኔት መልቀም አይገባውም ነበር። ወረቀቱ ራሱ ሸካራ ስለሆነ ሸክላውን ሲያወጡትና ሲያስገቡት ይጭረዋል፤ ለስላሳ የውስጥ ከረጢት ለየብቻ መግዛት ግድ ይላል።

አልበሙ ያኔ ምን ደረሰበት? ካማሮን በሕይወት ሳለ የተሸጠው ከ6,000 ቅጂ በታች እንደሆነ ይነገራል። የጥንቱ ወግ ጠባቂዎች ተቆጡ፤ ሂታኖዎቹ ደግሞ ልጃቸው የተወሰደባቸው ያህል ቅር አላቸው። ይህን ቍጣ ለመረዳት ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። ካማሮንና ፓኮ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ባሳተሙበት በ1969፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም የመንግሥትን ብቸኛ ፈቃድ ተዳፍሮ አምሃ ሬከርድስን ጀምሮ ነበር፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ሲያዋሕድ «ባህላችንን አበላሸብን» ከሚሉ ሰዎች አላመለጠም። ዛሬ ሁለቱም ወገኖች የየአገራቸው ኩራት ተደርገው ይጠቀሳሉ። ልዩነቱ ካማሮን ትችቱ ሲበረታበት ወደ ኋላ ጥቂት ማፈግፈጉ ነው፤ በ1981 «ኮሞ ኤል አጓ» በተባለው አልበም ከፓኮ ጋር ተመልሶ ተገናኘ፣ ቶማቲቶም ከመሃላቸው ገባ። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ሚዛናዊው ይህ ነው፤ የ1979ኙን ድፍረት ይዟል፣ ኪቦርዱን ትቷል።

የቀረው የሕይወቱ ክፍል አጭር ነው። በ1976 ዶሎሬስ ሞንቶያን አግብቶ አራት ልጆች ወልዷል። የዘፈነበት ክፍያ እየጨመረ፣ ጤናው እየቀነሰ ሄደ፤ ሲጋራ አብዝቶ ያጤስ ነበር፣ አደንዛዥ ዕፅም ይዞት ነበር። በ1989 ከለንደኑ ሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር «ሶይ ሂታኖ» የተባለውን አልበም ሠራ፤ ገበያው ላይ ከ1979ኙ እጅግ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ፣ እኔ ግን የቫዮሊኖቹ ብዛት ድምፁን የሸፈነብኝ ያህል ይሰማኛል። በጥር 1992 ማድሪድ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የመጨረሻው አልበሙ ከወጣ በኋላ፣ ሐምሌ 2 ቀን፣ ባርሴሎና አጠገብ ባለችው ባዳሎና ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ሳን ፈርናንዶ ላይ ለቀብሩ ከ100,000 በላይ ሰው እንደወጣ ይገመታል። ጥላሁን ገሠሠ በ2009 ሲሸኝ መስቀል አደባባይን የሞላውን ሕዝብ ያየ አዲስ አበቤ ይህን ቍጥር ለማመን አይከብደውም። በ2000 የአንዳሉሲያ ክልል መንግሥት በታሪክ ለጥቂት ዘፋኞች ብቻ የተሰጠውን «የዘፈን ወርቃማ ቁልፍ» ለሟቹ ሸለመ። በ2010 ዩኔስኮ ናይሮቢ ላይ ባደረገው ስብሰባ ፍላሜንኮን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር፣ ሰው በቀዳሚነት ከሚያነሣቸው ስሞች አንዱ የዚሁ የቀጥቃጩ ልጅ ነበር።

ስለ ሱቁም ጥቂት ልበል። ሱቂቱ በፒያሳ ከተካሄደው መፍረስና ግንባታ ተርፋ ደረጃ ወረድ ብላ የምትገኝ ናት፤ ከላይ አቧራው፣ ከታች ጠባብነቱ ያስቸግራል። ሻጩ ወጣት ነው፤ ዕቃውን የሚያስመጣው በሚያውቃቸው መንገደኞች በኩል ስለሆነ የሚመጣው ነገር አስቀድሞ አይታወቅም። የፍላሜንኮውን ሸክላ ከአረብኛ ሙዚቃ ጋር ቀላቅሎ ደርድሮት ስለነበር ጠየቅሁት፤ «ጋሼ፣ ድምፁ ስለሚመሳሰል እኮ ነው» አለኝ። ለደቡብ ስፔን ታሪክ ያን ያህል የራቀ መልስ አይደለም። ዋጋ ላይ ለመነጋገር ፈቃደኛ ነው፤ ሲቀንስም በደስታ ሳይሆን በትካዜ ነው የሚቀንሰው። ጉድለቱ ዕቃ አለመመለሱ ነው፤ ደረሰኝም ለማግኘት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚያስመሰግነው ነገር ከግብይቱ በፊት ሸክላውን አጫውቶ ማሰማቱ ነው፤ ጥግ ላይ ያለችው ማጫወቻ አሮጌ ብትሆንም መርፌዋ አዲስ ነው።

ሸክላ ማጫወቻ የሌለው ሰው ይህን አልበም ብሎ ማጫወቻ እንዲገዛ አልመክርም። ያለው ሰው ደግሞ ለካማሮን አንድ ቦታ ብቻ ካዘጋጀ፣ በመጀመሪያ ከፓኮ ጋር ከሠራቸው ዘጠኙ አንዱን፣ ቢቻል «ካናስቴራ»ን፣ ካልተገኘም «ኮሞ ኤል አጓ»ን ይፈልግ። እነዚያን በስልኩም ቢሆን ደጋግሞ ሰምቶ ምቱ ከገባው በኋላ ወደዚህ ቢመጣ 7,000 ብሩ አይቆጨውም፤ ተከራክሮ እስከ 6,000 ካወረደው ደግሞ ያለ ማመንታት ይውሰደው። ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ሸክላውን ገልብጦ የ«ላ ታራራ»ን የመጨረሻ ደቂቃ እንዲያሰማው ይጠይቅ፤ ጭብጨባው ከእኔው ቅጂ የባሰ ከተሸበረ፣ ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ቅጂ መኖሩን ሳያጣራ ገንዘብ አያውጣ።